ክሩን ማን እንዳሰረው አናውቅም

ውድ ውቤ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ደብዳቤ መልስ ለሚሰጥ ሰው ብቻ ይጻፋል ብዬ አምን ነበር፤ ሁለተኛው፣ በእርግጠኛነት የምነግርሽ ነገር አልነበረኝም። አንደኛውን ትቼዋለሁ። ሁለተኛው ባለፈው ቅዳሜ ተወገደ።

አስቀድሜ የቤቱን ነገር ልንገርሽ። በጓሮ የተከልነው የዲከረንስ ዛፍ ቁመቱ ጣሪያውን አልፏል። የእንጅባራው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ስለ ጀመረ በሰፈራችን ባጃጅ በዝቷል። እኔ ዛሬም የውኃ ጥናት ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ዝናብ እለካለሁ፣ ምንጭ እመዘግባለሁ፣ ያላየሁትን አልጽፍም።

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ታስተምሪበት በነበረው ትምህርት ቤት ያቋቋምሽው የንባብ ክበብ ግን ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ርእሰ መምህሩ፣ በዚህ መንፈቀ ዓመት ካልተመለሱ ክፍሉ የተሰበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ እንደሚሆን በትሕትና ነገረኝ። እኔም በደብተርሽ ያገኘሁትን የቅሉን ተረት ይዤ ሄድኩ።

ያነበብሽልኝን ቀን አስታውሳለሁ። አንዲት ሴት ከዘንገና ውኃ ስትቀዳ ቅሏ ይሰምጣል፤ በሦስተኛው ቀን ጫግኒ አጠገብ ካለ ምንጭ ይወጣል፤ አንገቱ ላይ እሷ ያላሰረችው ቀይ ክር አለ። እዚያ ላይ አቆምሽ። ቅል አይሰምጥም ብዬ ተቃወምኩሽ። አንቺም ከደብተሩ ቀና ሳትዪ፣ እንግዲያ ማን ጎተተው አልሽኝ። የተበሳጨሁ መስሎሽ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ለሳምንት ያህል ከሐሳቤ አልወጣም፤ ይህን ሳልነግርሽ መቅረቴ ይቆጨኛል።

ስሕተቴን አልደብቅሽም። ያላለቀ ጽሑፍ ለሰው አይቀርብም ብዬ ተረትሽን ጨረስኩት። ውኃ በዐለት ስንጥቅ ሊያልፍ ይችላል፣ ቅል ግን አያልፍም፤ ስለዚህ ጫግኒ የተገኘው ሌላ ሴት የጣለችው ሌላ ቅል ነው ብዬ ጻፍኩ። ሊሰሙ የመጡት ልጆች ሳነብላቸው በጨዋነት አጨበጨቡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጡት አራት ብቻ ነበሩ።

ከአራቱ አንዷ ጥሩዬ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መጨረሻውንም የጻፈችው ቲቸር ውባለም እንደ ሆነች ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኩ፤ ደብተርሽንም ከፍቼ ባዶውን ገጽ አሳየኋቸው። ክሩን ማን አሰረው አሉኝ። አላውቅም አልኩ። በዚያ ክፍል የተናገርኩት የመጀመሪያው ትክክለኛ ነገር ይህ ነበር።

ጥሩዬ ወዲያው፣ «ጋሼ፣ ካላወቁማ አገር ይስጡን» አለች። እንቆቅልሽ ያልፈታ አገር እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ። ጫግኒን ሰጠኋቸው። ተመካክረው ይሞቃል አሉ። ዳንግላን ጨመርኩ፤ ሩቅ ነው አሉ። በመጨረሻ እንጅባራን ከነቢሮዎቹ አስረከብኩ። ጥሩዬ ከተማውን ተረክባ የመጀመሪያ ትእዛዟን አስተላለፈች፤ እኔ ዝም ብዬ እንድሰማ።

ችግሩ፣ በደንቡ መሠረት አገር የተቀበለ ሰው መልሱን መናገር አለበት። ጥሩዬ ደግሞ መልሱን አታውቅም፤ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መፍጠር ነበረባት። በአውንጊ ጀመረች፣ በአማርኛ ቀጠለች። ክሩን ያሰረችው ከሐይቁ ሥር የተዳረች ሙሽራ ናት፤ እናቷ እንዳትጨነቅ የላከችው ምልክት ነው አለች። ጓደኛዋ አቋረጣት፤ ሙሽራ ብትሆን ኖሮ ክሩ ነጭ ይሆን ነበር ብሎ የራሱን አመጣ። ሲጨቃጨቁ የመሄጃ ሰዓት አለፈ። በሳምንቱ ታላላቆቻቸውንም ታናናሾቻቸውንም ይዘው መጡ።

ባለፈው ቅዳሜ ወላጆች ተጋብዘው ልጆቹ የየራሳቸውን ፍጻሜ አነበቡ። ወንበር አልበቃም፤ አባቶች በመስኮት በኩል ቆመው ሰሙ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ተነሥተው፣ ነገሩ የተፈጸመው በአያታቸው ዘመን እንደ ሆነ መሰከሩ። ተረቱን የሰሙት ከአሥር ደቂቃ በፊት መሆኑን አውቃለሁ፤ አላረምኳቸውም። ርእሰ መምህሩ የክፍሉን ቁልፍ በሁሉ ፊት ለልጆቹ አስረከበ።

ውቤ፣ አሸንፈሻል። እኔ መልስ ስሰጣቸው የተበተኑት ልጆች፣ አንቺ በተውሽላቸው ጥያቄ ተሰበሰቡ። ለዚህ ማስረጃ አለኝ፤ በዐይኔ አይቻለሁ።

ስንበታተን ጥሩዬ ተረቱን ለምን እንዳልጨረስሽው ጠየቀችኝ። ሕመሙ ቀድሞሽ ይሁን ወይም ሆን ብለሽ፣ ይህንንም አላውቅም አልኳት። እሷም አዲስ ደብተር አውጥታ፣ «አንዲት መምህርት ነበረች» ብላ ጻፈች።

ስለ አንቺ የማውቀውን ሁሉ ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ፤ የማላውቀውን ለእነሱ እተዋለሁ። እየረሳሁ የምሄድ ሰው እንዳልሆን፣ በየቅዳሜው ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስለ አንቺ ሲያወሩ እሰማለሁ።

ያንቺው፣
ባለቤትሽ