የክርስትና ልጄን ነፍሰ ገዳይ ላደረገው «እውነተኛ ታሪክ» የቀረበ ምስጋና

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ተስፋው፣
የማተሚያ ቤት ሥራ አስኪያጅ፣
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ዕረፍት የማያውቁት የማተሚያ መኪናዎችዎ እንደምን አሉ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴና ከሆዴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴን የያዘው እርጅና ነው። ሆዴን ያቅለሸለሸው ግን በመልካም ፈቃድዎ አትመው ያወጡልን «በጋኑ ሥር የተቀበረው» የተባለው መጽሐፍ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ መጻፍ፣ ሌላውም ሰው እንዲያነበው ለጋዜጣ መላክ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ዳዊት ያስደገሙኝ አባቴ መሪጌታ ይርሳው አንዲት ቃል ብስት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ስለነበር፣ የጀመርኩትን መጽሐፍ ሳልጨርስ ማስቀመጥ አልችልም። ስለዚህ የእርስዎንም እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አባቴ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲህ ያለ ቅጣት ቀጥተውኝ አያውቁም።

ላላነበቡት ዕድለኞች ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አደይ የምትባል ጠላ ሻጭ በቡሬ መንገድ መገንጠያ ትኖራለች። እህል ነጋዴው ባሏ አንድያ ልጃቸው ከሌላ ሰው መወለዷን ይደርስበታል። አደይም ምስጢሯ እንዳይወጣ እንግዶች በተሰበሰቡበት በጠላ ውስጥ መርዝ ታጠጣዋለች፤ ኮት የለበሰ መርማሪም ከአዲስ አበባ መጥቶ ያጋልጣታል። በሽፋኑ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «በቡሬ ከተማ በእርግጥ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ታትሟል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ደራሲዎ አደይ ዋንጫውን ቀድታ ለባሏ ስትሰጥ እንግዶቹ ሁሉ ያዩ እንደነበር ጽፈዋል። በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለማንም አይሰጥም። አደይ ከቀመሰች አብራ ትሞታለች፤ ካልቀመሰች ደግሞ ባሏ ዋንጫውን ሳይነካ እንግዶቹ ነጠላቸውን አንሥተው ይወጣሉ። በሁለቱም መንገድ መጽሐፉ በሁለተኛው ምዕራፍ ያልቅና ወረቀት ይተርፍልዎ ነበር።

ሁለተኛ፣ የአደይ የነፍስ አባት በአንድ መለኪያ አረቄ ተደልለው ኑዛዜዋን ለመርማሪው ዘርዝረው ይነግሩታል። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ አንገሸገሸኝ። የሚጠጡ፣ የሚጣሉ፣ ቅዳሴ መሐል የሚያንቀላፉ ካህናት አውቃለሁ፤ ስማቸውንም ልጽፍልዎ እችላለሁ። የሰው ኑዛዜ በአረቄ የሸጠ ግን በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም፣ አልሰማሁም።

ሦስተኛ፣ መርማሪው በሐምሌ ወር በየገጹ ላቡን ይጠርጋል። ቡሬን በሐምሌ የሚያውቅ ሰው የሚጠርገው ንፍጡን ነው።

እስከዚህ ያለው የሚያስቀይመው አንባቢን ብቻ ስለሆነ በሆዴ ይዤው እቀር ነበር።

አራተኛው ግን እንዲህ ነው። በቡሬ መንገድ መገንጠያ ጠላ የምትሸጥ፣ እህል ነጋዴ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላት አቻምየለሽ የምትባል የክርስትና ልጅ አለችኝ። ባሏ ወለጋ ወርዶ ሲመለስ ከዓባይ በረሃ በያዘው ንዳድ፣ በእቅፏ እንዳለ ሞተ። ካቻምና አውቶቡስ ተበላሽቶባቸው ቡሬ የቀሩትን ደራሲዎን እግራቸውን አጥባ፣ ራታቸውን አብልታ ያሳደረቻቸው እሷ ናት። ሐዘኗንም አጫወተቻቸው። አብረዋት አለቀሱ ብላኛለች። ለዚያ እንባቸው ያለኝን ምስጋና ያድርሱልኝ።

መጽሐፉ ቡሬ ሲገባ ማንበብ የሚችል አንድ ነጋዴ በገበያ ቀን ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ጮክ ብሎ አነበበው። የአገሬን ሰው ሞኝነት አልደብቅዎትም። የእኛ ገበሬ መጽሐፍ ሲባል የሚያውቀው ወንጌሉን፣ ዳዊቱንና ድርሳነ ሚካኤሉን ስለሆነ፣ ነጋዴው መጽሐፉን ሲያወጣ ሽማግሎቹ ብድግ ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተሳለሙት። አዎን ክቡር ሆይ፣ ያንን የእርስዎን መጽሐፍ በግንባራቸውና በከንፈራቸው ተሳለሙት። ቀዩ ጽሑፍ ሲነበብላቸውም «መጽሐፍ ይዋሻል እንዴ?» ተባባሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ የሚገባው ጠጪ «እመት አቻምየለሽ፣ ዛሬ ደግሞ ለማን ቀመሙ?» ይላታል። በመዳፏ ስትቀምስም «ይድገሙት እስቲ፣ በደንብ አላየንም» ብሎ ይስቅባታል። እሷ ይህንንም ችላ ነበር።

ልጇ እህተ ማርያም ግን ለጅጋው ገበሬ ለአቶ ዘሩ ልጅ ታጭታለች። እንደሚያውቁት፣ ወይም ደራሲዎ እንደማያውቁት፣ በእኛ ዘንድ ጋብቻ የሚጸናው ሽማግሎች የሁለቱን ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ነው። ቆጠራው አልቆ፣ ድግሱ ተጀምሮ ነበር። መጽሐፉ ከተነበበ በኋላ አቶ ዘሩ ሽማግሌ ላኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቃላቸውም የጨዋ ቃል ነበር። «አይቀየሙን እመት አቻምየለሽ፤ የልጅቱን ሰባት ቤት እንደገና ልንቆጥር ነበር፤ በየትኛው አባት እንጀምር?» ነው ያሏት።

እህተ ማርያም ከጓዳ ሆና ሰማች፤ በዚያ የገበያ ቀን ደግሞ እሷም ከዋርካው ሥር ነበረች። አሁን እናቷን የምትጠይቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄውን ለሁለተኛው እትም እንዳይጠቅምዎ ብዬ እዚህ አልጽፈውም።

ሽማግሎቹ የመጨረሻውን ቃል ይዘው የሚመጡት ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ ታሪኩ ከደራሲው ራስ የወጣ ፈጠራ መሆኑን፣ የሞተውም ሰው በንዳድ እንጂ በሚስቱ እጅ አለመሞቱን፣ ልጅቱም የእሱ ልጅ መሆኗን ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ አትመው እንዲልኩልን ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። በእጅ የተጻፈ አይሁን። እኔ በእጄ ጽፌ አቶ ዘሩ ዘንድ ልኬው ነበር፤ አስነብበው ሲያበቁ «መልካም ነው፣ ግን የታተመ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ክርስትና ያነሣኋት፣ ባሏን አብሬ የቀበርኩ እኔ ያልታመንኩበትን ነገር፣ ቡሬን አይተውት የማያውቁት እርስዎ ይታመኑበታል። ይህን ያህል ሥልጣን ስላለዎት እንኳን ደስ ያለዎት።

እጅዎ ከቀለም፣ መሶብዎ ከእንጀራ አይለይ፤ ልጆችዎን ድረው ኩለው ለማየት ያብቃዎ፤ የሰባት ቤት ቆጠራቸውንም ማንም ደራሲ አያውክብዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና አልለቅ ካለኝ ማቅለሽለሽ ጋር እሰናበታለሁ።

የመሪጌታ ይርሳው ልጅ፣
ወለተ ሐና

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደራሲዎ በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሌላ «እውነተኛ ታሪክ» በማዘጋጀት ላይ መሆናቸውን አስታውቀዋል። መበለት ፍለጋ ከአገር አገር እንዳይንከራተቱ እኔ አለሁላቸው። ባለቤቴ ከአውድማ ሲመለሱ ደጃፋችን ላይ ወድቀው ሞቱ፤ ከእኔ በቀር ያየም የሰማም አልነበረም። እንደ ፈለጉ ይግደሉልኝ። ስሜን መለወጥ እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ እኔ የምድራት ልጅ የለኝም።