መርፌው ያልለየው እብጠት

ኅዳር 4
በጨረቃ ለምንቆጥረው አዲስ ዓመት፣ ለቴት የሚደርሰውን ቢጫ አበባ ስቀነጥስ ዋልኩ። በጀልባ፣ አበባው ተተክሎባቸው ከውሃው በላይ በተደረደሩት ማሰሮዎች መሃል። ወገቤ…

ምሳ ላይ ምራቴ ንጉየት አፍጥጣ አየችኝ። «አባባ፣ ከጆሮዎ ሥር ያለው እብጠት አልጨመረም?»

«ለክፉ ቀን የደበቅኩት ሩዝ ነው» አልኳት። አልሳቀችም። ልጄ ሉዋንም አልሳቀ። ሆስፒታል ሊወስደኝ ነው።

ኅዳር 6
የምራቅ ዕጢ ላይ ነው አሉ። ዶክተር ቪ ቀጭን መርፌ ሰክታ ከውስጡ ቀዳች። «ቢምቢ ነሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«ቢምቢ ዝም በሉ አትልም። እኔ እላለሁ» አለችኝ። ወደድኳት።

ኅዳር 13
ውጤት ደረሰ። ዶክተሯ ሉዋንን ለብቻው ኮሪደር ላይ ጠራችው። ክፉ ነገር ሲሆን መጀመሪያ ለልጅ ነው የሚነገረው፤ ማን ያጣዋል? ማጅራቱን እያሸ ተመለሰ።

«አልለየም አሉ፣ አባባ። ጥሩም መጥፎም ማለት አልተቻለም። በቀዶ ጥገና ወጥቶ ይታይ ነው የሚሉት።»

አልለየም… ጎረቤታችንን ቡኡን «ጨጓራህ ነው» እያልን አይደል የቀበርነው? ገንፎ እያቀረብኩ የማስቀው እኔ ነበርኩ።

ካንሰር ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

አልቆረጥም አልኳቸው። የፊት ነርቭ በዚያ ያልፋል፤ ከተነካ አፍ ይጣመማል። የሚሞት ሰው ፊቱን ለምን ያበላሻል?

ኅዳር 14
ንጉየት ዓሣ ጠብሳ ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ለእኔ። ይሄም ምልክት ነው።

ኅዳር 19
ብቻዬን ሄድኩ። ዶክተር ቪ ጋ አይደለም፤ መርፌው ያወጣውን በማይክሮስኮፕ ያየው ሐኪም ጋ። እሱ ፊቴን አያውቀውም። ጭምብል አደረግሁ፣ ቆቤን ደፋሁ።

«የበሽተኛው ታላቅ ወንድም ነኝ። ለእሱ ባትነግሩትም ለእኔ ንገረኝ፣ ልጄ። እሱ ፈሪ ነው።»

«የደበቅነው ነገር የለም፣ አባት። መርፌው ያመጣው አብዛኛው ፈሳሽ ነው። መልካቸው የማያምር ጥቂት ሴሎች አሉ። ካንሰር ነው ለማለትም፣ አይደለም ለማለትም አይበቁም።»

«እውነቱን ንገረኝ እንጂ…»

«እውነቱ አላውቅም ነው። እንዲህ ካሉት ብዙዎቹ ደህና ሆነው ይወጣሉ። አንዳንዱ አይወጣም።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬን አየ። «ወንድምዎም እንደ እርስዎ በግራ በኩል ነው ያበጠባቸው?»

ተያዝኩ። «በዘራችን ያለ ነው» አልኩት። ሳቅን።

በጀልባ ስመለስ ግን ጨነቀኝ። ቢደብቁኝ ይሻል ነበር። የሚደብቅን ሰው ማውጣጣት ይቻላል። የማያውቅን ሰው ምን ያደርጉታል?

ኅዳር 20
«በቃ፣ ይቁረጡኝ» አልኩት ሉዋንን። ዶክተር ቪን ግን አስማልኳት፤ ቀጣዩ ውጤት ለእኔ ብቻ።

«ልጅዎ ይቀየመኛል» አለች።

«ከነገርሽው ስሞት መንፈሴ ይቀየምሻል። ምረጪ።»

ታኅሣሥ 9
ተቆረጥኩ። ነርቩ ላይ ተጣብቆ ነበር አሉ። ግራ ዓይኔ አልከደን ብሏል። ሾርባ በአገጬ ይወርዳል። ንጉየት ፊቷን አዙራ ትጠርግልኛለች።

የልጅ ልጄ ሚን፣ «አያቴ፣ ለምን በአንድ ጎን ብቻ ይስቃሉ?» አለችኝ።

«የነገርሽኝ ግማሽ ቀልድ ስለሆነ ነው።»

ማታ መስታወት አየሁ። ሁለተኛ አላይም።

ታኅሣሥ 21
ሆስፒታል ደርሰን ሉዋን የጀልባ ነዳጅ ሊገዛ ወጣ ሲል ዶክተር ቪ ነገረችኝ። ተለይቷል። ክፉው ነው። ተነቅሎ ያልወጣም አለ፤ ጨረር ያስፈልጋል።

«ከቴት በኋላ ልጀምር።»

«አይዘግዩ፣ አባባ።»

«አበባው ይሸጥ። ልጆቹ በዓሉን በልተው ይዋሉ። ከዚያ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

እሺ አላለች። እምቢም አላለች…

ሉዋን ሲመለስ «ደህና ነው አሉ» አልኩት። እጄን ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን ያጠናው ጀመር። ድሮ ስዋሽ የግራ ከንፈሬ እየተንቀጠቀጠች ታሳብቅብኝ ነበር።

አሁን ዝም ብላለች።