ጭንቅላቴን ለመለኪያ ስሰጥ

ሰኞ

አልፈራሁም። ባለቤቴ ዘነበች፣ እኔ ልናገር፣ አንቺ መጀመሪያ ይህን ጻፊ። መሠረተ ትምህርት የገባሽው ለዚህ ቀን ነው።

ቱቦ በሚመስለው ማሽን ውስጥ ገብቼ የተነሳሁት የጭንቅላት ፎቶ ተበላሽቷል አሉ። ልጄ ሰናይት ከምትሠራበት ሆስፒታል ደውላ፣ «አባዬ፣ ጭንቅላትህ ተንቀሳቅሷል፤ የወጣው ምስል አይረባንም» አለችኝ። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ክሪክ አምኜ ከጭነት መኪና ሥር ስገባ የኖርኩ ሰው ቱቦ ያስፈራኛል?

ቱቦው ግን ሌላ ነው። መስቀሌን ከማተቤ ፈቱት፤ ክሩን ተዉልኝ። ጭንቅላቴን በፕላስቲክ ቅርጫት ከደኑት። «ቢጨንቅዎ ይጭመቋት» ብለው የላስቲክ ኳስ አስያዙኝ። አልጨመቅኋትም። ጣሪያው አፍንጫዬ ላይ ነው። ከዚያ ድብደባ፤ ከውጭ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው ያለ ይመስላል። ከመኪና ሥር ሲሆን በፈለግህ ጊዜ ተስበህ ትወጣለህ። እዚያ ሰው ካላወጣህ አትወጣም።

ማክሰኞ

ሰናይት መጥታ ነገሩን እንደገና አስረዳችኝ። አንጎል ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው የነርቭ ክሮቹን ተከትሎ ይሄዳል፤ ማሽኑ አካሄዱን አይቶ የክሮቹን መንገድ ያወጣል። የብዙ ጤነኛ ሰው አንጎል ምስል አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ፣ ተስተካክሎ፣ አንድ መለኪያ ይሆናል። ሐኪም የታመመውን ከዚያ ጋር ያስተያያል። እስካሁን በእጃቸው ያለው ከባሕር ማዶ ሰዎች የተሠራ ነው። አሁን የኛን ሊሠሩ ነው፤ ወጣቱ ሞልቷል፣ ሽማግሌ ግን አጡ። «በወጣት ለክተን ሽማግሌውን ሁሉ በሽተኛ ልንለው ነው» አለች።

ለዚህ ነው እድር ላይ ተነስቼ የተናገርኩት። «እንደ አልጋ ነው፤ ተኝቶ መነሳት ነው» አልኩ። ገና ሳልገባ። ባለሱቁ አቶ ተካና ሌሎቹ ሽማግሌዎች እኔን ተከትለው ሊገቡ ቃል ሰጡ። እኔ ብተወው እነሱም ይተዉታል።

ሰናይት ስትወጣ፣ «ከከበደህ ይቅር አባዬ፣ ማንም አይታዘብህም» አለችኝ። መመለሻውን የቆለፈብኝ ይህ ነው። ዓርብ እንደገና እገባለሁ አልኳት።

ረቡዕ

ቤቱ ጠበበኝ። ከካዛንቺስ እስከ ባምቢስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ፤ ታክሲ ውስጥ መታጨቅ አልፈለግሁም። አቶ ተካ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ «እህ ጎሚስታው፣ ጎማህ ተነፈሰ አሉ» አለኝ።

«ያንተ ጭንቅላት ባዶ ስለሆነ፣ ስትገባ ማሽኑ ያስተጋባል» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሐሙስ

ዘነበች በጥያቄ ያዘችኝ። «ለመሆኑ ምን ሆነህ ነው የተንቀሳቀስከው?»

«አልተንቀሳቀስኩም። ሰላም ሲሉኝ ብቻ ነው።»

«ማን?»

«ማሽኑን የምትነዳው ልጅ። ድብደባው ቆም ሲል በድምፅ ማጉያ፣ ‹አባባ፣ እንደምን ነዎት?› ትላለች።»

«አንተስ?»

እኔማ ቀና እላለሁ፤ ቅርጫቱ እስከፈቀደልኝ። ሰው እንደምን ነህ ሲለኝ ተጋድሜ እመልሳለሁ እንዴ? «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ። ሳልጨርስ ድብደባው ይጀምራል።

ዘነበች ብዕሩን ጥላ ሳቀች። ለሰናይትም ደወለችላት። ሰናይት አልሳቀችም። «ልጅቷኮ የምታናግርህ አንተ እንዳትፈራ ብላ ነው» አለች። «በቃ፣ ነገ ማንም አያናግርህም። ኳሷን ከጨመቅህ ብቻ እንመጣለን።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ድምፁ ሲቀር እዚያ ውስጥ ምን እንደሚቀረኝ አሰብኩ።

ዓርብ

ገባሁ።

ማንም ሰላም አላለኝም። ያ ድምፅ ለካ ገመዴ ነበር። ድብደባው ቆም ሲል ጆሮዬን አቆምኩ፤ ምንም። እንደምን ነህ የማይባል ሬሳ ነው። ኳሷ መዳፌ ውስጥ በላብ ራሰች። ጣቶቼ ሊጨመድዷት ሲሉ የእድራችንን ሰው አንድ በአንድ በልቤ ሰላም ማለት ጀመርኩ። ተካን፣ ለቀስተኛውን ሁሉ፣ የሞቱትንም። በልቤ መለሱልኝ። አንገቴ ግን አልተነሳም።

ሲያወጡኝ ገና ነጠላ ጫማዬን ሳላደርግ ተነስቼ ለሁሉም እጅ ነሳሁ። ልጅቷ ግራ ገባት።

ምስሉ ይርባ አይርባ ገና አልታወቀም። ሰናይት ነገ ትነግረኛለች።

አቶ ተካ ሱቁ በር ላይ ጠበቀኝ። ሰኞ ተራው የሱ ነው። «እንግዲህ፣ እንደ አልጋ ነው?» አለኝ።

ጻፊው ዘነበች፣ አትመልከቺኝ።

«ጠባብ ነው» አልኩት። «ሰላም ቢሉህም ቀና እንዳትል። እኔ ደጅ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

በይ፣ ይብቃን። በሩን ግን አትዝጊው።