ሲሶው የጓደኛ ነው

ታሜ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የቂል ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ብትኖር አንተም ትስቅብኝ ነበር። ግን በዚህች ሐዋሳ ከሚተነፍሱት ሁሉ ይህን ነገር የምነግረው ሰው አጣሁ። ግማሾቹ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ግማሾቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተይው፣ ሰውየው ትልቅ ሰው ነው» ይሉኛል። ትልቅ ሰው! ትልቅነቱ መኪናው ነው። ከመኪናው ሲወርድ ምን እንደሚያክል አንተም እኔም አይተናል።

መጀመሪያ የቤታችንን ልንገርህ። ሊዲያ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። የአንተን ትከሻ ይዛ እያደገች ስለሆነ ቀሚሷን በየሦስት ወሩ እለቅላታለሁ። እኔ ያው አዲስ ከተማ ሰፈር ያለችው ሱቄ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ጓሮ ያለው የአየር መሙያ ሞተርህ ላይ ዶሮ ተቀምጣ አሥር ጫጩት ፈለፈለች። ከዚያ የሻላ ሐይቅ ጥናት ፕሮጀክት ጋር ተያይዞ ያየሁት አንድ ፍሬ ያለው ሥራ እሱ ብቻ ነው።

«ትልቅ ሰው» የሚሉትን የፕሮጀክቱን ሥራ አስኪያጅ ስሙን አልጽፈውም። አንተ ጋ በሚደርስ ወረቀት ላይ ስሙ እንዲያርፍ አልፈልግም። ሻላ ሐይቅ ላይ የውሃውን ወለል ሲያጠኑ ጀልባቸው ተገልብጦ ከውጭ አገር የመጣው መለኪያ መሣሪያ ከሃምሳ ሜትር በላይ ወደ ታች ሰጠመ። ያን ጊዜ ነው አንተ የምጽዋ ጠላቂ እንደነበርክ የሰማው። ከባሕር ከተመለስክ ጀምሮ እዚህ የአሳ አጥማጅ መረብ ከሥር ስትፈታ የኖርከውን ሰው አንድም ቀን ዞር ብሎ አላየህም ነበር። አሁን ሶፋችን ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። በዕድሜ ታናሽህ ሆኖ «አንተ» አለህ፤ አንተ ደግሞ «እርስዎ» አልከው።

የሊዲያን የሒሳብ ደብተር ገልብጠህ በእርሳስ አስረዳኸው። ሃምሳ ሜትር ላይ አንዷ ትንፋሽ የስድስት ትንፋሽ አየር ትበላለች አልከው። ስለዚህ አየሩ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ሲሶው መውረጃና መሥሪያ፣ ሲሶው መመለሻ፣ ሲሶው የጓደኛ ነው። ጓደኛህ ካለቀበት የእሱ ናት፤ እስከዚያ አትነካም።

«የማትነካ ከሆነች ለምን ትሞላለች?» አለህ።

«ሰው እንዳይሞት ነዋ» አልከው።

ለእያንዳንዱ ጠላቂ መንታ ሲሊንደር ያስፈልጋል፣ አንዱ መተንፈሻ ቢበላሽ ሌላው እንዲኖር አልከው። ሲወጣ ሰውነት የጠጣው ጋዝ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ገመዱ ላይ ማረፊያ ይኖራል፤ ቸኩሎ የወጣ ሰው ደሙ እንደተናወጠ ለስላሳ ይፈላል አልከው። ማረፊያው ላይ ሙሉ ሲሊንደር ተንጠልጥሎ መጠበቅ አለበት። የባሕሩ ሰንጠረዥ እዚህ አይሠራም፣ ሻላ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ስለሆነ ማረፊያው ይረዝማል አልከው። እሱም «ውሃ ውሃ ነው» አለ። ጥልቀት ላይ ተራ አየር እንደ አረቄ ስለሚያሰክር ሂሊየም የሚባል ጋዝ ቢቀላቀልበት ይሻላል ስትለው ደግሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሂሊየም? ፊኛ ልትነፋ ነው?» አለህ። ሂሊየሙ ካልተገኘ ቢያንስ የሞተሬን ማጣሪያ ግዙልኝ፣ ንጹሕ አየር ልሙላ ብለህ ለመንከው። እሺ ብሎ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዕቃው መጣ። ጀርባቸው ላይ የፕሮጀክቱ ስም የተጻፈባቸው ብርቱካናማ መስመር ያላቸው ሁለት የጠላቂ ልብሶች፣ ውሃ ውስጥ የሚቀርጽ ካሜራ፣ ለራሱ ደግሞ ሁለት መቶ ሜትር ድረስ ጥልቀት የሚናገር የእጅ ሰዓት። ያ ሰዓት እጁን ሲታጠብ ካልሆነ ውሃ አላየም። ሲሊንደር ለአንድ ሰው አንድ። ማጣሪያ የለም። አየሩን ያስሞላው ከጎሚስታ ነው።

የሲሊንደሩን አፍ ከፍተህ አሸተትከውና የዘይቱ ሽታ መታህ። «ይህ ለጎማ ነው። ጎማ ሳንባ የለውም» ብለህ ጥለህላቸው መጣህ። ያን ቀን በአንተ ስኮራ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሰውየው ግን ዳንጊሶን አገኘ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል መረብ ሲጥል ያገኘኸውን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መጥለቅ ያስተማርከውን ዳንጊሶ። ቋሚ ቅጥር እሰጥሃለሁ አለው። ሁለት ልጅ ላለው ሰው ቋሚ ቅጥር ምን እንደሚያደርግ ሰውየው ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅ ላይ ጎበዝ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የዳንጊሶ ሚስት ነጠላዋን እየጎተተች ሱቄ ገባች። «ጋሼ ታምራት፣ ወሰዱት! ዛሬ ሊያስገቡት ነው!» አለችህ። አንተ ጨርቅ ይዘህልኝ እኔ እየቆረጥኩ ነበር። ጨርቁን አስቀመጥክ። ማጣሪያህ ሳይበላሽ የሞላሃቸውን አሮጌ መንታ ሲሊንደሮች አወጣህ፤ ከመኪና ቀበቶ የሰፋሁልህን ማንገቻ አጠበቅክ።

«እምቢ ብለህ ነበር እኮ» አልኩህ።

«እምቢ ያልኩት ለራሴ ነው። እሱን ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ» አልከኝ። በጎረቤታችን ፒክአፕ ወጣህ። እኔም ሳልሸኝህ፣ ተቆጥቼ ቀሪውን ጨርቅ ብቻዬን ቆረጥኩ። ጠማማ ሆኖ ተቆረጠ።

የቀረውን የነገረኝ ዳንጊሶ ነው። ስትደርስ ልብሱን ለብሶ ቆሞ ነበር። አውልቅ አልከው። ሰውየው «ሥራውን የሚያዩ እንግዶች ለምሳ ይደርሳሉ፤ የማትወርድ ከሆነ አታውክ» አለህ። ዳንጊሶ መሬት መሬት አየ እንጂ አላወለቀም። እንደማያወልቅ ሲገባህ ለመሳደብ እንኳ ጊዜ አላጠፋህም። ጥልቀቱን፣ ደቂቃውን፣ አየሩ ስንት ሲደርስ እንደምትመለሱ፣ የት የት ስንት ደቂቃ እንደምታርፉ ውሃ ውስጥ በምትይዘው ሰሌዳህ ላይ በእርሳስ ጽፈህ አስነበብከው። የተረፈውን የጎሚስታ ሲሊንደር፣ ከምንም ይሻላል ብለህ፣ ዘጠኝ ሜትር ላይ ገመዱ ላይ አሰርከው።

ታች ደረሳችሁ። ዳንጊሶ መሣሪያውን አገኘና ገመድ አሰረበት። ከዚያ ሰከረ። «እትዬ፣ እየሳቅኩ ነበር፤ ለምን እንደምስቅ አላውቅም» አለኝ። ለእንግዶቹ እንዲታይ ብለው አንገቱ ላይ ያንጠለጠሉበት ካሜራ ከገመዱ ጋር ተጠላለፈ። አየሩን የሚያሳየውን መለኪያ ማየት ረሳ። አየሩ አለቀ። ካሜራውን በቢላ ቆርጠህ ጣልከው፣ ሁለተኛውን መተንፈሻህን አፉ ውስጥ ከተትክለት። የፈራ ሰው ብዙ ይተነፍሳል፤ የጓደኛን ሲሶ ጨርሶ ያንተንም ጀመረው።

ዘጠኝ ሜትር ላይ የጎሚስታውን አየር አቀበልከው። ታች ሙሉ ያንኑ የዘይት አየር ሲስብ ቆይቶ ነበርና ሦስት ጊዜ ስቦ አስታወከው፤ አንተም ሞክረህ ተፋኸው። የአንተ አየር የቀረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። መንታውን ከጀርባህ አውርደህ አሳቀፍከው፤ ሰሌዳውን ዓይኑ ሥር አድርገህ ደቂቃዎቹን በጣትህ አሳየኸው። ከዚያ አንተ ሳታርፍ ወደ ላይ ወጣህ።

ዳርቻው ላይ ተቀምጠህ «ትከሻዬን» አልክ አሉ። ቀጥሎ እግሮችህ እምቢ አሉ። ጎረቤታችን አድርሶህ ተመልሷል፤ የፕሮጀክቱ መኪና እንግዶቹን ሊቀበል ሄዷል። ከአንድ ሰዓት በላይ አሸዋ ላይ ተኝተህ መኪና ጠበቅክ። እንግዶቹ ግን አሳቸውን በጊዜ በሉ። ሐዋሳ ስትደርስ አላወቅኸኝም። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ለዚህ ሕመም የሚሆነው የግፊት ክፍል እዚህ የለም ብሎ እውነቱን ነገረኝ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፍክ።

ቀብርህ ላይ ሰውየው ጥቁር መነጽር አድርጎ ንግግር አደረገ። «ለልማት የተሰዋ ጀግና» አለህ። እንባ የለውም፤ መነጽሩ ለፀሐይ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ያው አፍ ለሠራተኛ ግምገማ የሚቀርብ፣ ሟች ያለፈቃድ ወደ ውሃ ገብቶ መመሪያ ጥሷል የሚል ሪፖርት አዘጋጀ። ጀግናው በሃያ ቀን ጥፋተኛ ሆነ። ዳንጊሶ ፈረመበት።

እውነቱን ልንገርህ ታሜ፤ ያን ሰሞን የናቅኩት እነሱን ብቻ አልነበረም። አንተንም ንቄህ ነበር። ሲሶው መውረጃ፣ ሲሶው መመለሻ፣ ሲሶው የጓደኛ፤ የእኔና የሊዲያ የትኛው ነው? ብዬ ፎቶህን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አምስት ቀን እንደዚያ ቆየ። ራሴንም ናቅኩ፤ ያን ጠዋት ሳልሸኝህ በመቅረቴ።

በስድስተኛው ቀን የዳንጊሶ ሚስት ሰሌዳህን በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ባሏ አልጋው ሥር ደብቆት ነበር። እርሳሱ አልጠፋም። የአንተን ማረፊያ ጽፈሃል፣ የእሱንም ጽፈሃል፣ ሁለታችሁም የምትመለሱበትን ሰዓት ጽፈሃል። ሁለታችሁም እንድትወጡ ነው ያሰብከው። ያኔ ፎቶህን መለስኩት።

ሪፖርቱ በሚቀርብበት ቀን ሳልጠራ ግምገማው ላይ ገባሁ። «እናት፣ ይህ የሠራተኛ ስብሰባ ነው» አለኝ ሰውየው።

«ባሌም ሲሞት ሠራተኛ ነበር» አልኩና ሰሌዳውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ማጣሪያው የት እንዳለ ጠየቅኩት። እጁ ላይ ያለው ሰዓት ስንት ሜትር እንደወረደም ጠየቅኩት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሰውየው ፊቱ ቀላ፤ «ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝ!» አለ።

ያኔ ዳንጊሶ በከዘራ ተደግፎ ተነሳ። እሱም አንድ እግሩ እስካሁን አልዳነም። «የፈረምኩት ውሸት ነው» አለ። «አልወርድም ያለው እሱ ነው፤ ያስገባችሁኝ እናንተ ናችሁ። የሞተው አየሩን ለኔ ሰጥቶ ነው። ቅጥራችሁን ውሰዱት።» ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሰውየውን አየችው፤ ከዚያ አቀርቅራ ጻፈችው። አንዲት ቃል ሳትተው ጻፈችው።

ምን ሆነ ትለኛለህ? ሰውየው ከፍ ላለ ኃላፊነት ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። እዚህ አገር የወደቀ ሰው ወደ ላይ ነው የሚወድቀው። ያንተ ነገር በአንድ መስመር ተስተካከለ፤ «ሟች ጥፋት አልተገኘበትም» ይላል። መሣሪያው ዛሬም ሻላ ውስጥ ነው፤ ገመዱ ተበጥሶ ቀረ። ዳንጊሶ አሞራ ገደል ተቀምጦ አሳ ይሸጣል። ሳልፍ ይነሳልኛል፤ እኔም ቁጭ በል እለዋለሁ። ይቅር አልኩት ብዬ አልዋሽህም፤ ግን አሳ የምገዛው ከእሱ ነው።

ባለፈው ወር አዲሱ ኃላፊ ሱቄ መጣ። ሥራው ሊቀጥል ነው፣ የባለቤትዎን ሲሊንደሮች ያውሱን አለኝ። ጨዋ ነው፤ «እርስዎ» ይለኛል። ሰሌዳህን ሰጥቼው አንብብልኝ አልኩት። እስከ መካከሉ አነበበና «ይህ ዝርዝር ለባለሙያ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሲወጣ ተከትዬ ወጣሁ፤ ሲሊንደሮቹን ብየዳ ቤት ወስጄ ሁለቱንም ለሁለት አስቆረጥኳቸው። በያጁ ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን አልቅሼ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ።

አሁን ልሂድ፤ ሊዲያ ከትምህርት ቤት ትመጣለች። ጀግና እያሉ በሚጠሩህ ስም አላስታውስህም፤ ለእነሱ ይሁን። የማስታውስህ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት መረብ ስትፈታ ውለህ መጥተህ የተቆረጡ ዩኒፎርሞች ክምር ላይ እንቅልፍ የወሰደህን ነው። ፀጉርህ እርጥብ ነበር። አርባ ሸሚዝ አበላሽተህብኝ ነበር፤ እኔም ልቀሰቅስህ መጥቼ፣ አፍህን ከፍተህ በሰላም ስትተነፍስ አይቼ፣ የስፌት መኪናዋ እንዳትቀሰቅስህ ብዬ እስኪመሽ ሳልሰፋ ተቀመጥኩ። እስከምሞት ድረስ እዚያው አጠገብህ ተቀምጫለሁ።

የአንተው
መሰለች