ከኋላሽ ብጠራሽ

ታሜ ሸለቆ፣ ከቤታችን
መስከረም 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለያንጂን፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ድንች ስነቅል ነበር ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። ድንቹ እውነት ነው፣ ዘንድሮ ጥሩ ሰጥቷል። ግን ወረቀት አውጥቼ እቀመጥና መልሼ እነሣለሁ። ወጥቼ ደመናውን አያለሁ፣ ከብቶቻችንን ያኮቹን አያለሁ፣ የተጠረገ ቤት እንደገና እጠርጋለሁ። በስልክ ልነግርሽም አስቤ ነበር። በስልክ ግን አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ "እሺ" እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል።

በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ አባትሽ የጻፍሽው አንድ መስመር አለ። ያ መስመር ሳይታረም ወደ ተራራው ማለፊያ እንድትወጪ አልፈልግም። ወደ እሱ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ መንገዱ ልንገርሽ፣ ምክር የጠየቅሽኝ ስለ መንገዱ ነውና።

የላክሽውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በአራት ድንች አስይዤዋለሁ። በቀይ ያሰመርሽውን በጣቴ ተከተልኩት። በአሥራ ሁለት ቀን ሦስቱን የተራራ ማለፊያዎች፣ ሬንጆን፣ ቾንና ኮንግማን ተሻግራችሁ ወደ አውሮፕላኑ ልትመለሱ ነው። ከአውሮፕላን በወረዳችሁ በአምስተኛው ቀን ሬንጆ አናት ላይ ልትሆኑ ነው። ልጄ፣ ይህ የያክ እንኳ ዕቅድ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት በባሕር ጠረፍ ኖረሻል። እዚህ መወለድሽን ደምሽ ረስቶታል፤ ሦስቱ ጓደኞችሽማ ከመጀመሪያውም አያውቁትም።

ስለዚህ እኔ ቤት ሦስት ሌሊት ታድራላችሁ። አልጋ አይበቃንም ብለሽ አትጨነቂ፣ ጎረቤታችን ፉርዲኪ ሁለቱን ትወስዳለች። ከዚያ ሬንጆ ሥር ሉንግደን ሁለት ሌሊት። በመካከሉ ባለው ቀን ጓዛችሁን ትታችሁ ወደ ላይ ውጡና ተመልሳችሁ ታች ተኙ። ቲያጎ የምትይው ልጅ ጊዜ ማባከን ነው ይል ይሆናል። ይበል። ራሱን ያመመው፣ ምግብ ያስጠላው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ሰው ካለ ወደ ላይ አንድ እርምጃ አይጨምር። መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ብቻ ነው።

ሬንጆን ስትወጡ ገና ሳይነጋ ጀምሩ፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሰው ይገፋል። ጎክዮ ሐይቁ ዳር ሁለት ሌሊት። ከጎክዮ ወዲያ ያለው ትልቁ የበረዶ ግግር መንገዱን በየዓመቱ ይለውጣል። ካርታሽ አያውቀውም፤ በዚያ ሳምንት የተሻገረ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። ቾ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ድንጋይ ከላይ ይለቃል፣ ስለዚህ ሳይሞቅ እለፉ፤ ማዶው በረዶ ነውና ለጫማችሁ የብረት ጥርስ ያዙ። ኮንግማ ረጅሙ ነው፤ ውሃ ከታች ይዛችሁ ውጡ። ከማግባቴ በፊት ሦስቱንም ሸክም ተሸክሜ ተሻግሬያቸዋለሁ። አሁን እንዴት እንደሆኑ አላውቅም፤ ከሉንግደን ካለፍኩ ሃያ አራት ዓመት ሆነኝ። ጠቅላላ አሥራ ዘጠኝ ቀን አድርጉት። የአሥራ ዘጠኝ ቀን ፈቃድ አይሰጡኝም ካልሽ ኮንግማን ተይው። ዓምናም ነበረ፣ ከርሞም ይኖራል።

ይህን ቲያጎን አንድ ገጽ ላይ አምስት ጊዜ ጽፈሽዋል። ምንም አልጠየቅኩም። የእግሩን ልክ ብቻ ላኪልኝ፣ የያክ ፀጉር ካልሲ እሠራለታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። በየቀኑ ጠዋት ቅርጫቴን በግንባሬ አንግቼ እስከ ላይኛው የጸሎት ድንጋዮች ደርሼ እመለሳለሁ። ቅርጫቱ ውስጥ ድንጋይ አደርጋለሁ። ትናንት ወዲያ ፉርዲኪ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ድንጋይ ከተራራ ያወርዳል እንጂ ወደ ተራራ ይሸከማል? ተራራው ድንጋይ አልቆበት ነው?"

"አጥር ልሠራ ነው" አልኳት።

"አጥርሽ ያለው ታች ነው።"

"ላይም ልሠራ ነው።"

"ለማን? ለደመናው?" አለችና እስኪያስላት ሳቀች። ስድሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ምላሷ ግን ገና አሥራ ስድስት ነው።

አሁን ተነሥቼ ወጥቼ ነበር። ሰማዩ ከምዕራብ ነጭ ነው። ተመልሻለሁ። ከእንግዲህ ሳልነሣ እጽፋለሁ።

እንዲህ ብለሻል፦ "አይዞሽ እማዬ፣ እኔ እንደ አባዬ ዓይኔን ኩላብ ላይ ሰቅዬ አልወጣም። ሁለት የበረዶ መነጽር ገዝቻለሁ።" ከጎኑም የሚስቅ ፊት ሥለሻል።

አልተቀየምኩሽም። መንደሩ ሁሉ የሚለው ነው። ማጭዱን የረሳውን፣ ክብሪት የረሳውን፣ ልጆቹ እንኳ ሳይቀሩ "እንደ ገልዜን ዓይንህን ኩላብ ላይ ሰቅለህ መጣህ?" ይሉታል። አንቺም ሲሞት አራት ዓመትሽ ስለነበር አባትሽን የምታውቂው በዚህ ተረት ነው።

አባትሽ ምንም ነገር የሚረሳ ሰው አልነበረም። አናጢ ነበር። አንድ ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ያጠብቃል፣ መጋዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁን ደግሞ በገመድ ያስራል። በዚያ ጥቅምት ጎክዮ ላይ ለሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ በርና መስኮት ሊገጥም ተጠርቶ ነበር። መነኩሴው ላማ መልካም ቀን ብሎ የሰጠው ሐሙስን ነው። እሱ ግን ላሟ ልትወልድ ስለነበር እስከ ቅዳሜ መሄድ አልቻለም። እኛ እንደምናደርገው፣ ጉዞው በመልካሙ ቀን ተጀመረ እንዲባል በሐሙሱ ቀን ቦርሳው ከቤት ወጣ። ፉርዲኪ ቤት አደረ። አንዴ የወጣ ቦርሳ ወደ ቤት እንደማይመለስ፣ ባለቤቱ እስኪያነሣው እንደማይከፈት ታውቂያለሽ። ገና ታች ወርደሽ አዳሪ ትምህርት ቤት ስትገቢ ያንቺም ሻንጣ እንዲሁ ነው የወጣው።

ረቡዕ ማታ መነጽሩን ከቦርሳው የጎን ኪስ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ላስቲኩ ላልቶ ነበር፣ ልሰፋለት ብዬ ነው። አልነገርኩትም። ሰፍቼ ኩላቡ ላይ ሰቀልኩት። ሐሙስ ማልዶ ቦርሳው ሲወጣ ልቤ ላሟ ጋ ነበር። በኋላ ትዝ አለኝ፣ ግን ቦርሳው ወጥቷል፤ ቅዳሜ ደጃፉ ላይ በእጁ እሰጠዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተጣላን። ስለ አንቺ ነበር። ስታድጊ ካትማንዱ ትምህርት ቤት ትግባ አለ። እኔ ደግሞ ፊደል የቆጠረች ልጅ ወደ ድንች ማሳ አትመለስም አልኩ።

"ባትመለስስ?" አለኝ ጫማውን እያሰረ።

"ባትመለስማ ማን ሊጦረኝ ነው? አንተ? ለሰው ተራራ ለተራራ በር ስትገጥም የራስህ በር እኮ እንደ ፍየል ይጮኻል።"

"ስመለስ እሠራዋለሁ፣ ጫምጂ።"

"አንተ ሁሉን የምትሠራው ስትመለስ ነው።"

ወጣ፣ ከፉርዲኪ ቦርሳውን ተቀበለ፣ ሄደ። እኔ ወደ ውስጥ ዞር ስል መነጽሩ ኩላቡ ላይ ነው። አንሥቼ ወደ ደጅ ሮጥኩ። የጸሎት ድንጋዮቹ ጋ ደርሶ ነበር። ከዚያ ርቀት ያክ ጠርቼ አውቃለሁ። እጄን አነሣሁ። አፌንም ከፈትኩ።

አልጠራሁትም።

መንገደኛ ከኋላው አይጠራም። ከተጠራ ዕድሉ ከደጃፍ ይመለሳል፣ እሱ ያለ ዕድል ይሄዳል። ያንጊዜ ለራሴ ያልኩት ይህን ነው። ለመንደሩ ብናገረው ኖሮም ሁሉም "ልክ ነሽ" ይለኝ ነበር። ግን ልጄ፣ ያስቆመኝ እሱ ብቻ አልነበረም። ተናድጄ ነበር። ዓይኑን አንድ ቀን ይቆጥቁጠው፣ ያኔ ትዝ እለዋለሁ አልኩ። በቃሌ አልኩት፣ በአፌ ውስጥ፣ እጄን እያወረድኩ።

ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ በሬንጆ ማለፊያም በረዶ አልነበረም። በረዶው የጣለው እሱ ሉንግደን ባደረበት ሌሊት ነው። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ በአዲስ በረዶ ላይ የወጣች ፀሐይ ያለ መነጽር ዓይን ታሳውራለች።

ከጎክዮ የሚመጡ ሰዎች በሦስተኛው ቀን አገኙት። ከማለፊያው ማዶ መንገዱን ስቶ ከገደሉ ግርጌ ወድቋል። ዓይኑን በመቀነቱ አስሮ ነበር። ቦርሳውን አምጥተው ሰጡኝ። መጋዙ በጨርቁ፣ ጨርቁ በገመዱ፣ ሁሉም እሱ እንዳሰረው ነው። ክፍት የነበረው የጎን ኪሱ ብቻ ነበር።

አባትሽ አልረሳም፣ ያንጂን። እዚያ ላይ ሆኖ እጁን ወደ ኪሱ ከትቶ ፈልጓል።

ለቅሶ የመጡት መነጽሩን ኩላቡ ላይ አዩት። አንዱ "ወይ ገልዜን፣ ረስቶት ነው" አለ። ዝም አልኩ። ያን ቀን ዝም ለማለት ምክንያት ነበረኝ፣ አልቅሼ ድምፄ ጠፍቷል። ከወር በኋላ ግን ድምፄ ተመልሶ ነበር። ከዓመት በኋላ ሰው ሲስቅበት ሰማሁና አሁንም ዝም አልኩ። አንቺን ትምህርት ቤት የላክሁሽ እሱ ስላለ ነው። አንቺ ለዕረፍት ስትመጪ የተውሻቸውን ደብተሮች ይዤ፣ የዱቄት ከረጢት ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር እያስተያየሁ ብቻዬን ማንበብ የተማርኩት፣ አንድ ቀን ይህን ልጽፍልሽ እንደሚገባኝ ስላወቅኩ ይመስለኛል። ማንበብ ከቻልኩ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስንት መጽሐፍ ጨረስኩ፣ ይህን አንድ ገጽ ግን አልጻፍኩም።

ትናንት መጀመሪያ ለፉርዲኪ ልንገራት ብዬ ሄድኩ። ደጃፏ ተቀምጣ ድንች ትለያለች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ቀና አላለችም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"እጅሽን ስታነሺ አይቻለሁ። መነጽሩ ፀሐይ ነክቶት ብልጭ አለ። ቦርሳውን ሰጥቼው ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ሃያ አራት ዓመት ምነው ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልሽ? እኔም የምጠራበት ጉሮሮ ነበረኝ።" ከዚያ አንድ ድንች ወረወረችልኝ። "ቆመሽ አታፍጥጪብኝ፣ ይልቅ ቁጭ በይና የበሰበሰውን ለይልኝ።"

እስኪመሽ አብረን ለየን። ስነሣ፣ "ለልጅቱ ጻፊላት። የሚቀልዱትን የመንደሩን ልጆች እኔ ዝም አሰኛቸዋለሁ" አለችኝ።

ይህን አንብበሽ መምጣቱን ከተውሽው ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ በስልክ አትንገሪኝ። ከመጣሽ ግን ስለ አባትሽ የምታውቂውን ይዘሽ ነው የምትመጪው። ማለፊያው ላይ ስትደርሺ የሚሳቅበት ሰው አይደለም እዚያ ያለው።

ቀን አስቆጥሪልኝ ብለሽ ነበር። ላማው ጥቅምት 18ን ሰጥቷል። በዚያን ቀን ሰማዩ ካልተመቸ አትሄዱም። ቦርሳሽም ቀድሞሽ አይወጣም። ላማው "እንግዲያው ቀን ለምን ጠየቅሽኝ?" ብሎ ተቆጣኝ። "ልጄ ስላዘዘችኝ ነው" አልኩት። ሻይ ቀዳልኝ።

ከደጃችን ስትወጪ አንዳች ነገር ትተሽ ባይ እጠራሻለሁ። ጮክ ብዬ፣ ሸለቆው እስኪሰማ። ዝም ብለሽ አትሂጂ። ስምሽን ከኋላሽ ከሰማሽ ዙሪ።

በሩ አሁንም ይጮኻል። ሌላ አናጢ እንዲነካው አላደረግኩም።

የምትረግጪው ድንጋይ ይጽናልሽ፣ ደመናው እስክታልፊ ይዘግይልሽ፣ ከፍታው እንደ ልጁ ይቀበልሽ። ጓደኞችሽንም እንዲሁ።

እናትሽ ጫምጂ

ሳልረሳው፦ ለመኝታ አራት ሰው ብለሽ ማስያዝሽን ጽፈሽልኛል። ከሉንግደን ጀምሮ አምስት አድርጊው። የጫማዬን ሶል አስለውጫለሁ፣ መነጽሩንም አዲስ ላስቲክ አድርጌለታለሁ። እኔ ከኋላ ከኋላችሁ ነው የምመጣው።