የዘጠኙ ሸሚዞች ቁልፍ

ለልጄ ለኑሃሚን፣

በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፤ ካሰብሽው ያድርስሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ተሽሏታል። ያቤጽ ኦኮቶክስ ከተማ ቤት ከገዛ ወዲህ ብቅ የሚለው እሁድ እሁድ ብቻ ነው፤ ወንድምሽ ነውና ደውለሽ ቆጣ በዪው።

ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ገኒ ናት። በወረቀት ያደረግሁት፣ በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ስለምትዘጊው ነው።

አሜሪካ ድረስ ሄደሽ የምታጠኚውን የጥንት ቤዝቦል ተጫዋቾች ልብስ የሚያሳየውን፣ ያን የላክሽልንን፣ ቆርቆሮ ላይ የታተመውን የዘጠኙን ፎቶ አየሁት። «የወንዶቹ ሸሚዝ ቁልፍ እንደ ሴት በግራ ነው፤ አዲስ ነገር አገኘሁ» ብለሻል። ምንም አላገኘሽም። አንድ ልብስ ሰፊ ሊሳሳት ይችላል፤ ዘጠኝ ወንድ ግን የሴት ሸሚዝ ለብሶ ፎቶ አይነሳም! የተገለበጠው ፎቶው ነው፤ ቀኙ ግራ ሆኗል። ገኒ መስታወት ፊት ብትይዘው ቁልፉ ሁሉ ቦታው ገባ።

«ጋሼ፣ ፊደል ቢቆጥሩ ኖሮ ምን ሊሆኑ ነበር?» አለችኝ።

«ያው ልብስ ሰፊ» አልኳት።

ደረታቸው ላይ ያለው የእንግሊዝኛው «ኤ» ፊደል ቢገለበጥም መልኩ ያው ነው አለች ገኒ። እሱ ነው ያሳሳተሽ። አንቺ ፊደሉን አየሽ፤ እኔ ቁልፉን።

የፊታችን ወር ጽሑፍሽን ለአስተማሪዎችሽ ከማስረከብሽ በፊት አርሚው፤ እንዳይስቁብሽ። ስታርሚውም «ያሳየኝ አባቴ፣ ልብስ ሰፊው ባዘዘው ነው» ብለሽ ጻፊልኝ። ማንበብ ባልችልም ስሜ የቱ ጋ እንዳለ ገኒ በጣቷ ታሳየኛለች።

የምታገኚው ሁሉ ልክሽ ይሁን።

አባትሽ ባዘዘው
ፎረስት ሎን፣ ካልጋሪ፣ ካናዳ