ሰው የጎደለው ሕንፃ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

«ይሄ ሕንፃ ሁሉ ነገር አለው፤ የጎደለው ሰው ብቻ ነው» ሲል ሰማሁት አንዱን። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ የአባታችንን ሕንፃ ሽቅብ እያየ ነው። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው የጎደለውን ሲነግርህ ዝም ብለህ መመዝገብ ነው። መዘገብኩት። አንተን ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀህ ነገር የተጀመረው እንግዲህ ከዚያ ፌርማታ ነው።

ሰላምታዬን ወደ ኋላ ማስቀረቴን አትቀየመኝ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ደረጃ እንዳትወጣ ሐኪሙ አጥብቆ መከልከሉን ባለቤትህ ጽፋልኛለች፤ አንተም ሐኪሙ ራሱ ደረጃ ሲወጣ አይቼዋለሁ ብለህ መከራከርህን ጨምራ ጽፋለች። እባክህ ስማው። ልጆቹን ሳምልኝ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ስለ ቤቴ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ሎሚው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። ያንን የአምናውን ደብዳቤህን ዛሬ እንደገና አወጣሁት። አዲሱ የገበያ አዳራሽ ሲከፈት ሱቆቻችን አንድ በአንድ ሄዱ፤ ቢሮዎቹም ተከተሏቸው፤ መጨረሻ የቀረው የጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ እሱም ወንበሩን አሸክሞ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ አራቱም ፎቅ የርግብ ሆነ። አንተ ይሸጥ አልክ፤ የሚገዛውም ሰው አፍርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። እኔ ሰው ይኑርበት፣ ቤት እናድርገውና እናከራየው አልኩህ። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ቤት አይሠራም ብለህ መለስክልኝ። ይህችን አልረሳኋትም፤ እንድረሳትም አትጠብቅ። ቀጥለህ ደግሞ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አንድ ዓመት ሰጠኸኝ። አሥራ ሁለት ቤት ይወጣዋል ካልሽ አሥራ ሁለቱም ተከራይ ይግባባቸው፤ ዓመቱ ሲያልቅ አንድ እንኳ ባዶ ከተገኘ ይሸጣል አልክ። ሥሩን ሁለቴ በቀይ አሰመርክበት። መምህርቷ እኔ ሆኜ ሳለሁ በቀይ የምታሰምረው አንተ መሆንህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ፎርማኑ የመጀመሪያ ቀን አራቱንም ፎቅ ዞሮ ግድግዳውን እንደ በሽተኛ ደረት በጣቱ እያንኳኳ አዳመጠ። ሲጨርስ፣ ሕንፃው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ሽንት ቤቱ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። አባታችን የሠራው ውሎ ለሚሄድ ሰው እንጂ ለሚያድር ሰው አልነበረም፤ በየፎቁ ሽንት ቤቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበዋል። አሥራ ሁለት ቤት ማለት ደግሞ አሥራ ሁለት ሽንት ቤት፣ አሥራ ሁለት ማድ ቤት ነው። ታዲያ ቧንቧውን በየክፍሉ መሳብ ነዋ አልኩት። መምህርት፣ ውሃ እንደ ተማሪ አይደለም፣ ተቆጡትም አልተቆጡት ቁልቁል ካልሆነ አይሄድም አለኝ። ቧንቧው ቁልቁለት እንዲያገኝ የየሽንት ቤቱ ወለል ሁለት ደረጃ ከፍ አለ። ስለዚህ በእኛ ሕንፃ ሰው ለዚያ ጉዳይ ሲሄድ ሊነግሥ እንደሚወጣ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ሾፌር ለእንግዶቹ፣ ውጭ ውጭውን ስታዘዝ እውላለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን ዙፋን አለኝ እያለ ያስጎበኛቸዋል።

ከዚያ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ከማዘጋጃ ቤት የተላከች ልጅ እግር ናት፤ ሜትር ይዛለች። ገና ከበሩ እማማ ብላ ጀመረችኝ፤ መጥፎ ምልክት ነው። የፊት ቤቶቹን አየች፣ የጀርባዎቹን አየች፣ ወደደቻቸው። በየፎቁ መካከል ላይ ያሉት አራቱ ቤቶች ጋ ስትደርስ ግን ሜትሯን ጠቀለለችው። መስኮት የሌለው ክፍል መኝታ ቤት አይባልም አለች። ታዲያ ምን ይባላል አልኳት። መጋዘን አለችኝ፣ በትሕትና። አራት ቤት! ያንተ ቀይ መስመር ዓይኔ ላይ መጣብኝ፣ ወንድም ጋሼ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ልሸነፍ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንደዚያ ያሰብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፎርማኑ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ግድግዳዎቹን በዓይኑ ለካ። ከዚያ ተነሣና የአባታችንን የዕቃ ሊፍት በር በብረት ፈልቅቆ ከፈተ። ታስታውሰዋለህ፤ ከጨርቅ ጥቅል ጋር ቆልፌብህ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለቀስክ የሄድክበት። (አባባ የጠየቀኝ ስለ ጨርቁ ብቻ ነበር።) ሊፍቱ ከሞተ ዘመን ሆኖታል፤ ጉድጓዱ ግን ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ፣ በአራቱም ጨለማ ቤቶች ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ፎርማኑ አንገቱን አስገብቶ ሽቅብ አየና፣ አባትዎ ጨርቅ ባወጡበት እኛ ፀሐይ እናውርድበት አለ።

አወረድን። ጉድጓዱን የአንድ ክፍል ያህል አሰፋነው፣ ጣሪያውን መስታወት አለበስነው፣ ግድግዳውን ነጭ ቀባነው፣ አራቱም ቤቶች ወደ እሱ መስኮት ተከፈተላቸው። ሁለት ወር ሙሉ አቧራ በላን። ወጪው ከተነጋገርነው በላይ ሄደ፤ አንተን ላስቸግር አልፈለግኩም፣ ያለኝን ሸጬ ሞላሁት። ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ ስትመጣ ቀጠሮውን ለስድስት ሰዓት አደረግኩት፤ ይህችን ተንኮል ካንተ ነው የተማርኳት። በጣም ጨለማ የነበረውን የምድር ቤቱን፣ ቁጥር ሁለትን፣ አስገባኋት። ፀሐይዋ አራት ፎቅ ወርዳ ጫማዋ ላይ አረፈች። ጫማዋን አየች፣ ሽቅብ አየች፣ ፈረመች። ስትወጣም እማማ አለችኝ፤ የዚህኛው ቃና ሌላ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቤተሰቦች የገቡ ዕለት ያደረግነውን ደግሞ ስማ። ሻምበልን ታውቀዋለህ፤ ዘበኛችንን። አንድም ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ማዕረጉን የሰጠው ፊሽካው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልክ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፊሽካውን ይነፋል፣ ዋናውን ማብሪያ ያጠፋል፣ የብረት መዝጊያውን ያወርዳል፣ ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ሥራህ ተለውጧል ብዬ ለመንገር አላሰብኩም፤ እሱም ለመጠየቅ አላሰበም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ነፋ፣ አጠፋ፣ አወረደ፣ ቆለፈ፣ ሄደ።

ስድስት ቤተሰብ ውስጥ ቀረ። አንዷ ተከራይ፣ ነርሷ፣ ለማታ ተራዋ ልትወጣ ደንብ ልብሷን ለብሳ ብረቱን ታንኳኳለች። ሾፌሩ ውጭ ቀርቶ ሚስቱ በመስኮት በገመድ ልታወርድለት የፈለገችው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሰው መንገድ ላይ ተሰበሰበ፤ አንዱ እስር ቤት ሆነ እንዴ ብሎ ጠየቀ። ሻምበል ተጠርቶ እየሮጠ መጣ፤ ከሁሉም የተቆጣው እሱ ነበር። እትዬ፣ የሥራ ሰዓት እኮ አልቋል፣ እነዚህ ለምን አልወጡም አለኝ። ሻምበል፣ ከእንግዲህ አይወጡም፣ እዚሁ ነው የሚያድሩት አልኩት። ቁልፉን እንደያዘ ቆመና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስጠብቅ የማይወጣ ደንበኛ ዛሬ ገና አየሁ አለ።

እሱ እስኪመጣ ግን ተከራዮቹ ደረጃው ላይ ሻማ ለኩሰው ተቀምጠው ነበር። ማን ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሚያለቅስ፣ የማን ምድጃ እንደማይሠራ በዚያች ሰዓት ተጠናቀቀ። ሌላ ቦታ ጎረቤት ለመሆን ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የእኛዎቹ በአንድ ፊሽካ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የብረት መዝጊያውን አስነቀልኩት። ሻምበል አሁን አመሻሽ ላይ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ይቆጥራል፤ አንድ ሰው ከጎደለበት እራቱን አይበላም።

ከዚያማ ወሬው ራሱ ተከራይ አመጣ። ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ። የቀረችው ቁጥር ሁለት ብቻ ነበረች፤ ዓመቱም የቀረው አሥር ቀን። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ፀሐይዋ ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል ብቻ ናት፤ ከዚያ በኋላ መብራት ነው። አንዷ ለእንጉዳይ ነው እንጂ ለሰው አይሆንም አለች። አንዱ ደግሞ ፀሐይዋ በኪራዩ ውስጥ ናት ወይስ ለብቻ ትታሰባለች ብሎ ጠየቀኝ፤ ለብቻ አልኩት፣ ተናድጄ። የገዢው ደላላ በየማለዳው ማዶ ቆሞ ሻምበልን ሁለት ቁጥር ተያዘች ወይ ይለዋል። ሻምበል ደግሞ ለጠላት ወሬ አይሰጥም።

ሐሙስ ዕለት ተያዘች። ብቸኛ ሴት ናት፤ ጡረተኛ። ስለ ፀሐይዋም ስለ ምንም አልጠየቀች፤ ውሉን ቆማ ነው የፈረመችው። ዕቃዋ በሁለት ጉዞ ገብቶ አለቀ። ሻምበል ሳጥኖቹን ተሸክሞ ሲጨርስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ለማንም እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ትናንት ዓመቱ አለቀ። ደላላው ያንተን የውክልና ደብዳቤ ይዞ ሊቆጥር መጣ፤ እንደተስማማችሁት። በር በበር ወሰድኩት። ስናንኳኳ ይከፈታል፤ ሲከፈት ሰው አለ። ሦስተኛ ፎቅ የሾፌሩ ልጆች አራት ሆነው በሩን ሞሉት፤ ደላላው አራት ብሎ ሊጽፍ ሲል አንድ ነው አልኩት። ነርሷ ከእንቅልፏ ተነሥታ ምን ፈለጋችሁ ብላ ገላመጠችው፤ እሷን በደስታ ጻፈ። ቁጥር ሁለትን እኔው በቁልፍ ከፈትኩለት፤ ተከራይዋ በዚያ ሰዓት ደጅ ነበረች። አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ፀሐይዋ ወለሉ መሐል ተዘርግታለች። ደላላው ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ፣ ደብተሩን ዘጋ። መምህርት፣ አሸነፉን አለኝ። እጁን ጨበጥኩት። ጣሪያው ላይ ወጥቼ በመስታወቱ ቁልቁል አየሁ፤ በአራቱም መስኮት ልብስ ወይ አበባ ወይ የሰው ክርን አለ። አባባ ቢያይ መጀመሪያ ስለ ሊፍቱ ይቆጣ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ወንበር አምጡልኝ ይል ነበር።

አሸነፍኩህ፣ ወንድም ጋሼ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስድሳ ዓመት ጠብቄዋለሁና እንደገና ልጻፈው፤ አሸነፍኩህ። የአሥራ ሁለቱን ውል ግልባጭ አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ጊዜ ስታገኝ ስሞቹን አንድ በአንድ አንብባቸው። የእኛ ሕንፃ አይፈርስም። ቃልህን እንደምታከብር አውቃለሁ፤ ስትቆጣም ታከብራለህ።

ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ልጆችህ ለወግ ለማዕረግ በቅተው ያሳይህ፤ እድሜህን ከጤና ጋር ያስረዝምልኝ፤ የምከራከረው ሰው እንዳላጣ።

ታናሽ እህትህ

ለመልስህ፦ ከእንግዲህ ስትጽፍልኝ ምድር ቤት፣ ቁጥር ሁለት ብለህ ላክልኝ። በቀድሞው አድራሻዬ የሚኖሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው።